ቡድሃ በግእዝ

እጨጌ እንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እ.ኤ.አ. ነው። እጨጌው ራሳቸው ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ፣ እስከ ደብረ ሊባኖስ አበምኔትነት የደረሱ፣ ለግራኝ አሕመድ «አንቀጸ አሚን»ን የጻፉ ሰው ናቸው። የመለሱት መጽሐፍ ይዋስፍ የተባለ የአንድ የህንድ ልዑል ታሪክ ነው። ንጉሡ አባቱ ልጁ እርጅናን፣ ሕመምንና ሞትን እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ ግን አንድ ቀን ይወጣል፤ በሽተኛና ዐይነ ስውር ያያል፣ የጎበጠ ሽማግሌ ያያል፣ ሞት ለማንም እንደማይቀር ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ዙፋን አያምረውም። በረላም የሚባል ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ያስተምረዋል፤ ልዑሉም ይመንናል።

ይህ የቡድሃ ታሪክ ነው።

ታሪኩ ከህንድ ተነሥቶ በመካከለኛው እስያና በፋርስ በኩል ወደ ዐረብኛ ገባ። በጆርጂያ መነኮሳት እጅ የክርስቲያን ገድል ሆነ። ከዚያ ወደ ግሪክ ተሻገረ፤ ከግሪኩም ላቲኑና የክርስቲያኖቹ ዐረብኛ ተወለዱ፤ የእኛው ግእዝ ከዚህ ዐረብኛ የተቀዳ ነው። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የቡድሃ መጠሪያ በየጽሕፈቱ እየተለወጠ መጥቶ «ይዋስፍ» ሆነ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሁለቱን ሰዎች ኖቬምበር 27 ቀን ከቅዱሳን ጋር ለዘመናት ታስባቸው ነበር። የግእዙን ቅጂ ዋሊስ በጅ በ1923 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳትሞታል።

እጨጌ እንባቆም የቡድሃን ሕይወት እየተረጎሙ መሆናቸውን አላወቁም። እጃቸው የገባው ገድል እንጂ ፍልስፍና አልነበረምና ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድም አልነበረም። የዛሬ አንባቢ ግን ገድሉንና የህንዱን ትምህርት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችላል። ችግሩ፣ በአገራችን ስለ ህንድ አስተሳሰብ የሚነገረው ሁሉ ከሁለት ስንፍናዎች በአንዱ መውደቁ ነው። አንዱ ወገን «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» ብሎ ይጠቀልለዋል፤ ሌላው «ባዕድ አምልኮ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለቱም ሳያነቡ የሚናገሩ ናቸው። የህንድ ሦስት ሃይማኖቶች ተከታዮች፣ ሂንዱው፣ ቡድሂስቱና ጃይኑ፣ በሁለት ሺህ ዓመት ክርክራቸው አንዱ ሌላውን «አንተም እንደኔው ነህ» ብሎ አልተወውም፤ ነጥብ በነጥብ ሞግቶታል እንጂ።

በረላም ለልዑሉ ከሚነግራቸው ምሳሌዎች አንዱን ማየት ይበቃል። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ገደል ውስጥ ይወድቅና ዛፍ ይዞ ይንጠለጠላል። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ ሥሩን ይበላሉ። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል። አራት እባቦች ብቅ ብለዋል። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የምትንጠባጠብ ማር አይቶ ሁሉንም ይረሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ አውሬው ሞት ነው፤ አራቱ እባቦች ሰውነታችን የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት ናቸው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ትርጓሜው እንግዳ አይደለም፤ አራቱን ባሕርያት የአብነት ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ይህ ምሳሌ በህንድ በሦስቱም ወገኖች መጻሕፍት ውስጥ አለ። በሂንዱዎቹ ታላቅ ግጥም በማሃባራታ፣ ቪዱራ የተባለው ጠቢብ ልጆቹ በጦርነት ላለቁበት ዐይነ ስውር ንጉሥ ይነግረዋል፤ እዚያ አውሬው ባለ ስድስት ፊትና ባለ ዐሥራ ሁለት እግር ዝሆን ነው፤ ዝሆኑ ዓመት፣ ፊቶቹ ወቅቶች፣ እግሮቹ ወራት ናቸው። የጃይኑ ሊቅ ሃሪባድራ ሲጽፈው እባቦቹ ቁጣ፣ ትዕቢት፣ ተንኮልና ስስት ሆኑ፤ ለጃይን ነፍስን አስሮ የሚይዛት ይህ ነውና። ቡድሂስቶቹ ከአራቱ ባሕርያት ጋር አቆዩት። ሥዕሉ አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ወገን የገዛ ትምህርቱን አነበበበት።

ታሪኩ የክርስቲያን ገድል ሲሆን ደግሞ ትልቁ ነገር ወደቀ። ይዋስፍ የሚፈራው ሞትንና ከሞት በኋላ ያለውን ፍርድ ነው። ቡድሃን ያስጨነቀው ግን አንድ ጊዜ መሞት አልነበረም፤ ሞቶ ተወልዶ፣ ዳግም ታሞ፣ ዳግም አርጅቶ፣ ዳግም መሞት ነበር። መውጫ የፈለገው ከዚህ ማለቂያ ከሌለው ዑደት ነው። ገድሉ ዑደቱን አውጥቶ ምናኔውን አስቀረ፤ ልዑሉም ለሌላ ምክንያት የመነነ ሌላ ሰው ሆነ።

ከሳርቤት ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስለ አንድ የተያዘ አጭበርባሪ ወሬ ሲነሣ «ካርማ ነው» የሚል ወጣት አይጠፋም። ሰው የዘራውን ያጭዳል ማለቱ ብቻ ከሆነ ህንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ለጃይን ካርማ ረቂቅ ቁስ ነው፤ እንደ አቧራ ነፍስ ላይ እየተጣበቀ ያከብዳታል፤ ጾምና ተጋድሎ ያራግፈዋል። ለቡድሃ ካርማ ሐሳብ ነው፤ ሆን ተብሎ ያልተደረገ ነገር እንደታሰበበት ድርጊት አይቆጠርም። ከሂንዱዎቹ የሚማንሳ ሊቃውንት በሥርዓቱ የተፈጸመ መሥዋዕት ራሱ የማይታይ ኃይል ፈጥሮ ፍሬውን ያመጣል ሲሉ፣ ኒያያ የሚባሉት ሌሎች ሂንዱዎች የለም፣ ፍሬውን የሚያድል አምላክ ያስፈልጋል ብለው ተነሡባቸው። የሚኒባሱ ወጣት ከነዚህ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ቢጠየቅ ጥሩ የመንገድ ጨዋታ ይወጣው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የነፍስ ጉዳይ ነው። በሂንዱዎቹ መጽሐፍ በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ኡዳላካ የተባለ አባት ልጁን ጨው ውኃ ውስጥ ጨምረህ አሳድር ይለዋል። በማግስቱ ጨው አይታይም፤ ውኃው ግን ከላይም ከመካከልም ከሥርም ሲቀመስ ጨው ጨው ይላል። የማይታየው የዓለም ሥር እንዲሁ ባንተም ውስጥ አለ፣ አንተም እሱ ነህ ይለዋል። የሂንዱው ሊቅ ሻንካራ ከዚህ ተነሥቶ ነፍስና ብራህማን የሚባለው ይህ የዓለም ሥር ፈጽሞ አንድ ናቸው አለ። ሌላው ሊቅ ራማኑጃ አንድነቱን ሳይክድ ልዩነቱን አስጠበቀ። በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ማድቫ ግን አምላክ፣ ነፍስና ቁስ ለዘለዓለም የተለያዩ ናቸው ብሎ ተሟገተ። «ሂንዱ እንዲህ ያምናል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው እነዚህን ሦስቱን ይዘልላቸዋል።

ቡድሂስቱ ደግሞ ጨርሶ የምትጸና ነፍስ የለችም ይላል። መነኩሴው ናጋሴና በሰረገላ የመጣውን የግሪክ ዘር ንጉሥ ሚሊንዳን ይጠይቀዋል፦ ሰረገላው መንኮራኩሩ ነው? ዘንጉ ነው? ቀንበሩ ነው? ንጉሡ ለሁሉም አይደለም ይላል። እንግዲያው «ሰረገላ» የዕቃዎቹ ድምር መጠሪያ ብቻ ነው፤ «ናጋሴና»ም እንዲሁ። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ ነፍስ ከሌለች ዳግም የሚወለደው ማነው? ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሂንዱና የጃይን ሊቃውንትም ቡድሂስቶቹን በዚሁ ሲያፋጥጧቸው ኖረዋል።

ጃይኖቹ ነፍስ የሌለበት ቦታ የለም ባዮች ናቸው፤ በውኃ፣ በአፈርና በእሳት ጭምር። አሂምሳ የሚሉት ማንንም ያለመጉዳት ትምህርታቸው ከዚህ ይመነጫል። ረቡዕና ዓርብ በጎፋ ወይም በለቡ የሚቀርበው የጾም በያይነቱ ለጃይን እንግዳ የተዘጋጀ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ጥብቁ ጃይን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች አይበላም፤ ሥሩ ሲነቀል ተክሉም በላዩ ያሉ ጥቃቅን ሕይወቶችም ይጠፋሉና። ያለ ሽንኩርት የተሠራ ሽሮ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ይፈለግለት። የእኛ ጾም ለንስሐና ሥጋን ለማስገዛት ነው፤ የእሱ መታቀብ የሌላውን ሕይወት ላለመንካት ነው። የታክሲ ረዳቶች «ሳሪስ አቦ» እያሉ የሚጠሯቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሳና ከነብር መካከል ቆመው፣ የተጠማች ወፍ ከዐይናቸው ስትጠጣ ሲሳሉ ያየ ጃይን ግን ቤቱ የገባ ይመስለው ይሆናል።

አሂምሳ ወደ አዲስ አበባ በሌላ በርም ገብቷል። ማሃትማ ጋንዲ በሃይማኖት ጥያቄ ሲዋልል ያማከረው ሽሪማድ ራጅቻንድራ ጃይን ነበር። የላፍቶና የመካኒሳ እናቶች ምጥ ሲይዛቸው ከሚሄዱባቸው ሆስፒታሎች አንዱ የጋንዲን ስም የያዘው ነው፤ «ጋንዲ ነው የተወለድኩት» የሚል ሰው በከተማው ስፍር ቁጥር የለውም።

ታዲያ የህንዱን አስተሳሰብ አንብቦ ለመናገር ምን ይደረግ? ቦታው ተዘጋጅቷል። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይማራል፤ የሚማረው አመክንዮ ግን ሥሩ አርስቶትል ነው። ከጀሞ ቀና ብሎ ፉሪ ተራራ ላይ ጭስ ያየ ሰው እሳት አለ ብሎ የሚደመድመው በምን መብት ነው? ኒያያዎች ይህንኑ የተራራና የጭስ ምሳሌ ይዘው ሙግትን በአምስት እርከን አዋቀሩ፤ አንዱ እርከን ሁለቱም ተከራካሪዎች የሚቀበሉት ምሳሌ መጥራት ነው፤ የእነሱ ምሳሌ ማድቤት ነበር። ቡድሂስቱ ዲግናጋ ምክንያቱ ሊያሟላቸው የሚገቡትን ሦስት መስፈርቶች ለይቶ አወጣ። ቻርቫካ የሚባሉት ከቁስ በቀር የለም ባዮች ደግሞ በዓለም ያለውን ጭስ ሁሉ አይታችኋል ወይ ብለው ሁሉንም አፋጠጡ።

ከዚህ ጋር የናጋሴና ሰረገላና የገደሉ ሰውዬ ምሳሌ ከነአራት ትርጓሜው በአማርኛ ቢቀርቡ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። በአጠገቡም «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» ይቀመጥ። የማን ድርሰት ነው የሚለው ክርክር ገና አላበቃም፤ ምንኩስና የፈጣሪን ሥራ ይቃረናል የሚለው ሙግቱ ግን ለበረላም የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ ማሯን የሰጠው ማን ሆነና።