አንድ ኒካሕ፣ ሁለት አቋም

ረቢዐል አወል ሲገባ አንዳንድ ቤት ውስጥ ዝምታ ይነግሣል። ባልየው ወሎ አያቶቹ ዘንድ መንዙማ እየሰማ፣ ከሶለዋቱ በኋላ ከሚቀርበው ገበታ እየተቋደሰ ያደገ ነው። ሚስቲቱ አዲስ አበባ ውስጥ የቀራች ናት፤ ነቢዩና (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦቻቸው ያላከበሩትን ማክበር ቢድዓ ነው ተብላ ተምራለች። ሁለቱም ይሰግዳሉ፣ ሁለቱም ይጾማሉ። ሽማግሌ ሲላክ ስለ መህሩ ብዙ ተወርቷል፤ ስለ መውሊድ ግን ማንም አላነሳም። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት በከተሞቻችን ብርቅ አይደሉም።

ለእርሱ መውሊድ ነቢዩን መውደድ ነው። መከራከሪያም አያጣም፤ ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢን የመሰሉ ታላቅ ሊቅ መውሊድን ደግፈው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈዋል። እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ የወሎ ቦታዎች ሃይማኖቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በመንዙማና በዱዓ ጭምር ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት የነቢዩን ታሪክ በዜማ ነው የያዘችው። ደግሞም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን የሀገር በዓል ይሁኑ የሚል ነበር፤ መውሊድ በብሔራዊ በዓልነት የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሚስቱ “ቢድዓ ነው” ስትለው እርሱ የሚሰማው “አያቶችህ ተሳስተው ነው የሞቱት” የሚል ነው።

የእርሷም ጭንቀት የፍቅር ማነስ አይደለም። በሃይማኖት ላይ ሰው አንድ ነገር መጨመር ከጀመረ የት ላይ ይቆማል ትላለች። ነቢዩን ከማንም በላይ የወደዱት ሰሃቦች ይህን በዓል ካላከበሩት እኛ ከእነርሱ በልጠን ነው ወይ ብትል ጥያቄዋ ክብደት አለው። የማታምንበትን ድግስ ደግሳ እንግዳ እንድታስተናግድ ሲጠበቅባት ድካሙ የጉልበት ብቻ አይሆንም፤ ነገ አላህ ፊት ምን እመልሳለሁ የሚል ነው። “ለአንድ ቀን ቻይው” የሚሏት ዘመዶች ይህን ሳይረዱ ይቀራሉ።

ከእርሷ ወገን አዘውትረው የሚጠቀሱት ኢብን ተይሚያ መውሊድን ቀደምቶቹ ያልሠሩት ነው ብለው ተቃውመዋል። እዚያው ላይ ግን ለነቢዩ ካለው ፍቅርና ከመልካም ኒያው የተነሣ የሚያከብረው ሰው ምንዳ ሊያገኝ እንደሚችል ጽፈዋል። ባልና ሚስቱ ይህን አብረው ቢያነቡት እወዳለሁ። አንድን ሥራ እየተቃወሙ የሠሪውን ልብ ማክበር እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አለመግባባት ሁሉ ግን እንዲህ አይከብድም። በሻፊዒ መዝሀብ ባል ሚስቱን በእጁ ከነካ ውዱእ ይፈርሳል፤ በሐነፊ አይፈርስም። ለጌጥ የምታደርገው ወርቅ 85 ግራም ገደማ ከሞላና ዓመት ካለፈው በሐነፊ ዘካ አለበት፤ በሻፊዒ የለበትም። ወርቁ የእርሷ ነው፣ ተጠያቂዋም እርሷ ናት፤ ባል ሐሳቡን ይናገራል እንጂ አይወስንላትም።

“የቤቱ ኃላፊ ባል ነው፤ ቤቱ በእርሱ አቋም ይተዳደር” የሚሉ ኡስታዞች አሉ። ምክንያታቸውን አልንቅም፤ ሁለት ሰው ሁለት አቅጣጫ ሲስበው የሚፈርስ ትዳር አይተዋል። ነገር ግን ቁርኣን ሕፃን ጡት የሚጥልበትን ጊዜ እንኳ በሁለቱ ስምምነትና ምክክር ላይ ነው ያቆመው። በሁደይቢያም ሰሃቦች ከሐዘናቸው የተነሣ ለመታረድ ያመጡትን እንስሳ ለማረድ ሲዘገዩ፣ ነቢዩ የባለቤታቸውን የኡሙ ሰለማን ምክር ተቀብለው ሠርተውበታል። ቤት መምራት ሌላ ነው፣ ዑለማዎች በተለያዩበት ጉዳይ ላይ ፈትዋ መስጠት ሌላ።

“እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ” የሚለውም ብቻውን አያዘልቅም። ሳሎኑ አንድ ነው፣ ለድግስ የሚወጣው ብር አንድ ነው፣ ልጆቹም የሁለቱ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ባል መውሊዱን እናቱ ቤት ሄዶ ያክብር፤ ሚስቱን ደግሺ አይበላት። እርሷም ሲመለስ ደርስ አትስጠው፤ አማቷ ፊትም ስለ ቢድዓ አትከራከር። ይህ ካልሆነላቸው ነገሩ ዘመድ ዘንድ ሳይደርስ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ዓሊም ጋር ይሂዱ። የየራሳቸውን ኡስታዝ ይዘው ከመጡ ግን ክርክሩ የኡስታዞቹ ይሆናል።

ከባዱ የልጆቹ ነው። አባት መንዙማ ሲያሰማ፣ እናት ስታጠፋ ያየ ልጅ ከሁለቱ አንዱን የሚንቅበት ቀን ይመጣል። “አባትህ ተሳስቷል”፣ “እናትህ አክራሪ ናት” ከሚባል የበኒ ቁረይዟን ታሪክ ቢነገረው ይሻላል። ነቢዩ ዐስርን በኒ ቁረይዟ ደርሳችሁ ስገዱ ብለው ሰሃቦችን ላኩ። ሰዓቱ መንገድ ላይ ደረሰባቸው። ከፊሎቹ “ፍጠኑ ማለታቸው ነው” ብለው ሰገዱ፤ ሌሎቹ ቃሉን እንዳለ ይዘው እስኪደርሱ አቆዩት። ነቢዩ ሲሰሙ አንዳቸውንም አልወቀሱም። ልጅ ይህን ካወቀ እናትና አባቱ በአቋም ተለያይተውም ሁለቱም ሙስሊም መሆናቸው አያምታታውም።

ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ለዓመታት ሲነቃቀፉ የቆዩት የሱፊና የሰለፊ ዑለማዎች አዲስ አበባ ላይ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስምምነታቸውን አሳውቀዋል። ልዩነታቸውን ይዘው ነው የተቀመጡት፤ ባልና ሚስትም ይህን ማድረግ አያቅታቸውም።

ኒካሕ ልታስሩ የተዘጋጃችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መህሩን ስትነጋገሩ መውሊዱንም፣ ኒቃቡንም፣ ልጆቹ የሚቀሩበትንም መድረሳ አንሱ። ያኔ የሚፈጠረው ቅሬታ ልጅ ከተወለደ በኋላ ከሚመጣው እጅግ ይቀላል።