ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ጥሩኝ

ጉደርን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በወይኗ ይመስለናል (ጠርሙሱን ማለታችን ነው፤ ከተማዋንማ የነቀምት አውቶቡስ በመስኮት አሳይቷችሁ ያልፋል)። እኛን በቅርቡ ወደዚያ መንገድ የወሰደን ግን የአክስታችን ሕመም ነው። አክስታችን የጉደር ሰው ናት። ስሙን በማንጠራው አንድ ሆስፒታል ተኝታ ሦስት ሌሊት አስታመምናት።

የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ተረኛዋ ሲስተር መጥታ መርፌውን ሰካች፣ ጠብታውን አስተካከለች፣ «ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ጥሩኝ» ብላ ወደ ሌላው ክፍል ሮጠች። ጋዜጠኝነት ተምረን ጠብታ ስንቆጥር አደርን! አጠገባችን የተኙትን እናት የምታገላብጠው ልጃቸው፣ ሽንታቸውን የምትደፋው ልጃቸው፣ በእኩለ ሌሊት ጓንት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞረው የልጃቸው ባል። ሲስተሯ ሰንፋ አይደለም። ሁለት ክፍል ሙሉ በሽተኛ ይዛ ብቻዋን ነበረች። ንጋት ላይ ስናወራት የዲዩቲ ክፍያ ካገኘች ወራት እንዳለፉ ነገረችን።

እስቲ ለአፍታ እንግሊዝ አገር ጎራ እንበል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ዎርክሃውስ የሚባሉ ቤቶች ነበሩ። መውደቂያ ያጣ ድሃ ይገባባቸዋል፤ ለምግቡና ለመኝታው በጉልበቱ ይከፍላል። ከገቡት ብዙዎቹ በሽተኞችና አዛውንት ነበሩ። ታዲያ ማን ያስታምማቸው ነበር? እዚያው የገቡ ሌሎች ድሃ ሴቶች! ደመወዝ የለም፤ ትንሽ የተሻለ ምግብ፣ አንዳንዴም ቢራ ወይም ጂን ይሰጣቸዋል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉም ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ1865 ዊልያም ራትቦን የተባለ የሊቨርፑል ነጋዴ ከኪሱ ከፍሎ አግነስ ጆንስን ከ12 የሠለጠኑ ነርሶች ጋር የከተማው ዎርክሃውስ ሆስፒታል ውስጥ አስገባ። የጠበቃቸው ከሺህ በላይ በሽተኛ ነበር። አግነስ በ1868 እዚያው በታይፈስ ሞተች፤ ገና 35 ዓመቷ ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል አወድሳ ጻፈችላት። ድሃን በነጻ ነርስ ማድረግ የተከለከለው ግን በ1897 ነው። ውዳሴው ቶሎ መጣ፤ ሕጉ 29 ዓመት ዘገየ።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ጉደርን አልፈው ሲዘልቁ ነቀምት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ያረፉት እዚያ ነው። በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው የተመረቁ ልዕልት ነበሩ። በኋላም አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ (ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው)። ልዕልት ነርስ በሆነችበት አገር ሙያው ክብር አጣ አይባልም። ክብሩማ ሞልቷል! «ሲስተር» እንላለን፣ «መልአክ» እንላለን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ይስተካከል ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ አንዳንዶቹም ሲታሰሩ፣ «ቃለ መሐላቸው የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ በየታክሲው ሰምተናል። የቤት ኪራያቸውን የጠየቀ ግን አልሰማንም። መልአክ መቼም ቤት አይከራይም።

አስታማሚ ይቅር እያልን አይደለም። አጥሚት ከዘመድ እጅ ሲጠጣ ሌላ ነው፤ ይሄንን ማንም ነርስ አይተካውም። ጠብታ መቆጣጠር ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ ሊከፈልበትም ይገባል። አንዲት ነርስ ለሁለት ክፍል የምትበቃ የሚመስለው የእኛ እጅ ስላለበት ነው። ይህ እጅ በየትኛውም በጀት ላይ አይጻፍም። ስለማይጻፍም የጎደለው ነርስ የጎደለ አይመስልም። የተቀጠረችውም የሌሊት ክፍያዋን ለወራት ትጠብቃለች፤ ሥራው ግን በአስታማሚ ጉልበት እንደምንም ይነጋል።

በሦስተኛው ሌሊት ከበሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። አስታማሚ የላቸውም። ግሉኳሳቸው ማለቁን ያየነው ለአክስታችን ውኃ ልንቀዳ ስንነሳ ነው።