በሩን ዘግተው «እንግዳ ጠፋ» ስለሚሉ ሰዎች

ከአባቶቻችን ከወረስናቸው ምሳሌያዊ አነጋገሮች መካከል ልንኮራባቸው የሚገባን እጅግ ብዙ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ዕድሜ ከመቍጠራቸው በቀር ሌላ ክብር የላቸውም። ከነዚህም አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ነው። ይህን ተረት ዛሬ በአደባባይ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ በልቡ ይዞ የሚሠራበት ግን ጥቂት አይደለም። እኛም ብዕራችንን ያነሣነው በአፍ የሚነገረውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሳይነገር የሚሠራበትን ለመግለጥ ነው።

ይህ ተረት የአገራችን ብቻ ሀብት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። በሥልጣኔ ቀደምን በሚሉት አገሮችም ይሠራበታል፤ ልዩነቱ እኛ በቃል የምንለውን እነርሱ በደንብና በፕሮግራም መጻፋቸው ነው። ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ ከኑሯችን ራቅ ያለ አንድ ሙያ መርጠናል፤ ይኸውም ሞቶክሮስ የተባለው የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ነው። ሩቁን የመረጥንበት ምክንያት ሰው ከራሱ ጉድፍ ይልቅ የጎረቤቱን አጥርቶ ስለሚያይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሞቶክሮስ በ1924 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ጨዋታ ነው። ሜዳው አስፋልት የለውም፤ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ኮረብታና ጉድጓድ ነው። እስከ አርባ የሚደርሱ ነጂዎች በአንድ መሥመር ቆመው፣ ከፊታቸው ያለው የብረት መዝጊያ ሲወድቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ ይወረወራሉ። ሞተሩ ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ነጂው አብዛኛውን ጊዜ በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ፣ መኪናውን በጉልበቱ ጨምቆ፣ ከኮረብታው ላይ ወደ አየር እየዘለለ ይነዳል። ሥራው ተቀምጦ መጋለብ የሚመስለው ሰው ቢኖር ከውድድሩ በኋላ የነጂዎቹን መዳፍ ይመልከት። የሚወድቅ ሰው ትከሻውን ወይም የእጁን አንጓ መስበሩ በዚህ ሙያ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሽሊ ፊዮሌክ በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ተወለደች። ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። በሞተር ላይ የወጣችው ገና በሕፃንነቷ ነበር። ሌሎች ነጂዎች ማርሽ የሚለውጡት የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ ሲሆን፣ እርስዋ ግን በእጅዋና በእግርዋ የሚሰማትን ንዝረት እየተከተለች ማርሽ መለወጥን ተማረች። ከኋላዋ የሚደርስባትን ተወዳዳሪ ልትሰማ ስለማትችል፣ የያዘችውን መሥመር ሳትለቅ መንዳትን ልማድ አደረገች። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ የልጅነት ዘመንዋን በሙሉ የወሰደ ትምህርት ነው። በ2008 ዓ.ም.፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ የአሜሪካን የሴቶች ሞቶክሮስ ሻምፒዮናነት አገኘች። በ2009፣ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ደገመችው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ሆንዳ የፋብሪካ ቡድን አባል ሆና ስትፈርም፣ ለዚህ ክብር የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ከባለሙያ የሚጠየቀው ልምምድ፣ ትዕግሥት፣ ድፍረትና ድል ከሆነ፣ ይህች ልጅ ያልከፈለችው ዕዳ የትኛው ነው? ነገር ግን በዚያው በ2012 ዓ.ም.፣ አራተኛውን ድል ባገኘችበት ዓመት፣ ሴቶች ተወዳዳሪዎች የሚያገኙት አያያዝ የሚያሳዝን መሆኑን በግልጽ ተናግራ፣ በ21 ዓመት ዕድሜዋ ከአገርዋ የባለሙያዎች ውድድር ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሴቶቹ ውድድር ከወንዶቹ ታላቅ የአገር አቀፍ ውድድር ተለይቶ ወጣ። ሌሎች ሰዎች በ21 ዓመታቸው ሙያ ይጀምራሉ፤ እርስዋ ግን ጨርሳ ሄደች። የደከማት ጉልበቷ ነው የሚል ሰው ቢኖር አራቱን ዋንጫዎች ይቍጠር።

ነገሩ በእርስዋም አልተጀመረም። በ1971 ዓ.ም. ኬሪ ክላይድ የተባለች አሜሪካዊት ሞቶክሮስ ነጂ የባለሙያ ፈቃድ አግኝታ ወደ ውድድር ሜዳ ብትሄድ፣ ሴት መሆንዋ በታየ ጊዜ ፈቃድዋ ተነጠቀ። ፈቃዱን ያስመለሰችው በፍርድ ቤት ተከራክራ ነው። ልብ ይባል፤ ይህች ሴት በሜዳው ላይ ማንም አላሸነፋትም ነበር። የተሸነፈችው ሞተሯን ከማስነሣቷ በፊት፣ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በዚህ ጕዳይ ከሚቃወሙን ሰዎች ዘወትር ሦስት ክርክሮች እንሰማለን። ሦስቱንም በየተራቸው እንመርምር።

የመጀመሪያው «የሴት አካል ከወንድ ጋር እኩል ጉልበት የለውም» የሚል ነው። እኛ ሴቲቱ ከወንዱ ጋር ትታገል አላልንም፤ ሴቶች ከሴቶች ጋር ይወዳደሩ፣ ውድድራቸውም ሙያ ተብሎ ይቈጠር ነው ያልነው። የወንዶቹም ውድድር ቢሆን በሞተር መጠን የተከፈለ ነው። በአንደኛው ክፍል 250፣ በሌላው 450 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ይነዳል። ባለ 250ው ከባለ 450ው ስለሚያንስ ባለሙያ አይደለም፣ ደመወዝም አይገባውም ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። በሞተር መጠን መከፋፈል ሥርዓት ከሆነ፣ ሴቶች ለብቻቸው ሲወዳደሩ ክፍሉ የጨዋታ ጨዋታ የሚባለው በምን ፍርድ ነው?

ሁለተኛው ክርክር «ሥራው አደገኛ ነው፤ ለልጅቱ እናዝናለን» የሚል ነው። አደገኛነቱን አንክድም። ነገር ግን የወንድ ልጅ ስብራት ጀግንነት፣ የሴት ልጅ ስብራት ጥፋት የሚባልበት ምክንያት አልገባንም። ይልቁንም አዛኞቻችን ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ደመወዝ ያለው ነጂ ጥሩ የራስ ቁር፣ የታደሰ ሞተር፣ አሠልጣኝ፣ ሲወድቅም የሚያሳክመው ገንዘብ አለው። ደመወዝ የሌላት ልጅ ግን ቀን በሌላ ሥራ ውላ፣ ማታና በበዓል ቀን በአሮጌ ሞተር ትለማመዳለች፤ የምትወድቅበት ኮረብታ ግን ያው ከባለ ደመወዙ ኮረብታ ነው። እንግዲህ አደጋውን የሚፈራ ሰው ሙያውን ሊከፍትላት ይገባ ነበር እንጂ ሊዘጋባት አይገባም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ የተከበረ መስሎ የሚቀርበው የነጋዴው ክርክር ነው። «ተመልካች የለም፤ ተመልካች ከሌለ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ከሌለ ሙያ የለም» ይላል። አነጋገሩ እንደ ሒሳብ የቀና ይመስላል። ነገር ግን የውድድሩን ቀን የሚቈርጠው፣ ሰዓቱን የሚደለድለው፣ ካሜራውን የሚያቆመው ማን ነው? ራሱ ነው። የሴቶቹን ውድድር በፕሮግራሙ ጥግ ካኖረ በኋላ፣ የቀኖቹንም ቍጥር ካሳነሰ በኋላ፣ «ሰው አላያቸውም» ብሎ ይመሰክርባቸዋል። በሩን ዘግቶ ቁልፉን በኪሱ የያዘ ባለቤት «እንግዳ ጠፋ» ብሎ ቢያማርር ማን ያምነዋል? ለልጅቱም «ሻምፒዮን ነሽ» ብሎ ዋንጫ እየሰጠ የምትኖርበትን ሳይሰጣት ሲቀር፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ይሆንባታል።

ይህ የበሩ ነገር የእኛ ግምት እንዳይባል ከታሪክ እንመስክር። በ1928 ዓ.ም. በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ አሸነፈች። በሩጫው መጨረሻ አንዳንዶቹ ደክመው ስለ ታዩ ጋዜጦች ጮኹ፤ ሹማምንቱም ሩጫውን ከኦሊምፒክ ፕሮግራም አወጡት። የተመለሰው በ1960 ዓ.ም.፣ በሮም ነው። በዚያችው በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፎ የአገራችንን ስም ለዓለም አስጠራ። አበበም ሲሮጥ ደክሞት ነበር፤ ድካሙ ክብር ሆነለት እንጂ ማራቶንን ከኦሊምፒክ አላስወጣም። በነዚያ 32 ዓመታት ውስጥ ሩጫዋ በፕሮግራም ስላልተጻፈ ብቻ ሳትታይ ያረጀች ሯጭ ብዛትዋ ስንት ይሆን? ያልተሮጠ ሩጫ ሰዓት ስለሌለው ማንም ሊቈጥራት አይችልም።

የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሮጠው በ1988 ዓ.ም. በሴኡል ነው። በዚያን ጊዜ የአርሲዋ ደራርቱ ቱሉ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ያንኑ ሩጫ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የደራርቱ ጉልበት የራስዋ ነው፤ ድካሟም የራስዋ ነው። የምትሮጥበት ሩጫ በፕሮግራም መጻፉ ግን በእጅዋ አልነበረም። «ሴቶች ይህን ያህል ርቀት አይችሉም፤ ተመልካችም የለውም» ብሎ ያንን በር ሌላ ሃያ ዓመት ያቆየው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ዛሬ የምንኮራበት ያ ቀን ባልኖረ ነበር፤ መቅረቱንም ባላወቅን ነበር። በበሩ መዘጋት የጠፋው ሰው ስም ስለሌለው የሚያለቅስለት የለም።

ወደ ጭቃው ሜዳ እንመለስ። በዚያም ቢሆን በሩ ጥቂት በተከፈተ ቍጥር ነጂዋ ብቅ ማለቷን እናያለን። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በዚህ ስሙ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይካሄዳል። ጣሊያናዊቷ ኪያራ ፎንታኔዚ ስድስት ጊዜ አሸንፋበታለች፤ የኒው ዚላንዷ ኮርትኒ ዱንካን አራት ጊዜ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንዷ ሎተ ቫን ድሩነን በ17 ዓመቷ ሻምፒዮን ሆናለች። በ2008 የተወለደች ሕፃን ዛሬ የራስዋን ሞተር ለመንዳት የደረሰች ልጅ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮም የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ሴት ጠፍታ አታውቅም። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የወንዶቹ የዓለም ውድድር በዓመት ወደ ሃያ በሚጠጉ ሥፍራዎች ሲዘዋወር፣ የሴቶቹ ከዚያ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ነጂን የሚደግፍ ድርጅት ገንዘቡን የሚያወጣው ስሙ በሚታይበት ቀን መጠን ነው። እንግዲህ የውድድሩን ቀን ማሳነስ ደመወዙን ማሳነስ ነው፤ ደመወዙን ማሳነስም ልጅቱን በ21 ዓመትዋ ወደ ቤት መስደድ ነው።

የምንጠይቀው ምሕረት አይደለም። ጎበዝ ያልሆነችውን ጎበዝ ናት ብላችሁ ሸልሙ አላልንም። ሴት ልጅ ሁሉ ሞተር ትንዳም አላልንም። ብትሸነፍ ትሸነፍ፤ ነገር ግን በሜዳ ትሸነፍ እንጂ በጽሕፈት ቤት አትሸነፍ። ለእርስዋም የውድድር ቀን በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ፤ ሕዝብ በሚገኝበት ሰዓት ትወዳደር፤ ለድሉ የሚከፈለውም ዋጋ አስቀድሞ ይታወቅ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የእርስዋ ድርሻ ነው፤ ድርሻዋንም እንደምትከፍል ከአሽሊ ፊዮሌክ አይተናል።

ክቡራን አንባብያን፤ ከመካከላችሁ ፕሮግራም የሚያወጣ፣ በጀት የሚደለድል፣ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ይኖራል። እጁ ላይ ያለው ቁልፍ መሆኑን ይወቅ። አንድ የስፖርት ዝግጅት ሲቀርብለት የሴቶቹ ክፍል በስንት ሰዓት፣ በስንት ቀን፣ በምን ያህል ገንዘብ እንደ ተጻፈ ይጠይቅ፤ መልሱን ካየ በኋላ «ለምን አልመጡም?» ማለቱን ይተዋል። መምህር የሆነም ይኖራል። ሴት ተማሪው ያልተለመደ ሙያ መርጣ ብትነግረው፣ ፈገግ ከማለቱ በፊት በቀን ስንት ሰዓት እንደ ሠራችበት ይጠይቃት። መልስዋ ሥራ የሚያሳይ ከሆነ አክብሮቱን አይንፈጋት፤ ሥራ የሌለበት ምኞት ከሆነም ወንዱን እንደሚመክር ይምከራት። ተማሪ የሆናችሁት ደግሞ ተረቶቻችንን ስትማሩ የትኛውን ለልጆቻችሁ እንደምታወርሱ ከወዲሁ ምረጡ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት ሰዎች ያዩትን ተናግረው ይሆናል። እውቀቷ ሲያልቅ አይተዋል፤ ማን እንደ ጨረሰው ግን አልጠየቁም። እኛ ጠይቀናል፤ መልሱም ከላይ ተጽፏል። የቀረው ቁልፉን የያዘው ሰው ሥራ ነው።