አቤቱታም ጸሎት ነው

ውድ አንባብያን፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን ሰላምታ በየዓመቱ እንለዋወጠዋለን። «አደረሳችሁ» ስንል ግን ሁሉም እንዳልደረሰ እናውቃለን። ባለፈው ፋሲካ ከገበታው ዙሪያ የነበረ በዘንድሮው የታጣበት ቤት አለ፤ ሰላምታው ከዚያ ደጅ ሲደርስ ይከብዳል። እኛ የመርሳ ልጆች ይህን ክብደት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ከወልድያ በስተደቡብ፣ ደሴን ከሰሜን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠችው ከተማችን እንግዳውንም መከራውንም የተቀበለችው በዚያው መንገድ ነው። የ1966ቱና የ1977ቱ ረኃብ ወሎን ሲመታ ርሀብተኛው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ያለፈው በዚሁ ጎዳና ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ለአጨዳ የደረሰ ሰብል በላ። ዓመቱ ሳይገባደድ ጦርነቱ መጣና ወልድያና አካባቢዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በመከራ ከረሙ፤ ቤቱን ዘግቶ የተሰደደው፣ ልጁን ቀብሮ የቀረው ብዙ ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ምድሪቱ ሙሉ ዕረፍት አላገኘችም።

እንዲህ ያለ ዘመን ሲመጣ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ጎረቤት ዱዓ ያደርጋል። ቀን እየገፋ መልስ ሲዘገይ ግን አንድ ጥያቄ ከልብ ወደ አፍ ይመጣል። «ምነው እግዚአብሔር ዝም አለን? ምን በደልነው?» ይህን ያለ ሐዘንተኛ ከአጠገቡ ከተቀመጠው ሰው የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ተው፣ እንዲህ አይባልም» የሚል ነው። አፍ ይዘጋል፤ ልብ ግን በዚያው ይሻክራል። እኛ ይህ ተግሣጽ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሳይሆን ከራሳችን ፍርሃት የሚመነጭ ይመስለናል።

ለዚህም ከምናከብረው በዓል ራቅ ብለን ማስረጃ መፈለግ አያሻንም። ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ ያሉት ዕለታት እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ሰኞ ማዕዶት ይባላል፤ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ ደግሞ አልዓዛር ይባላል። ማክሰኞ የተሰየመው የችንካሩን ምልክት ካላየሁ፣ ጎኑን ካልዳሰስሁ አላምንም ባለው ሐዋርያ ነው። ረቡዕ የሚነሣው ቤት ደግሞ ሁለት እኅትማማቾች በየተራ ወጥተው ጌታን ፊት ለፊት የወቀሱበት ቤት ነው፤ አንተ በዚህ ብትኖር ወንድማችን ባልሞተ ነበር አሉት። እርሱም አልገሠጻቸውም፤ አለቀሰ እንጂ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ከዓመቱ ሁሉ በምትደሰትበት ሳምንት አንዱን ቀን በተጠራጠረው ስም ጠራች፤ የሚቀጥለውንም ቅሬታ ካሰማው ቤት ጋር አያያዘችው።

በቶማስ ነገር ሁልጊዜ የሚታለፍ አንድ ጉዳይ አለ። ቶማስ ጌታን ካዩት ጓደኞቹ መካከል ሳያምን ስምንት ቀን ሰነበተ። ተጠራጠረ ብለው አላባረሩትም፤ እርሱም አልሸሻቸውም። ዛሬ ዳግም ትንሣኤ ብለን በምናከብረው በስምንተኛው ቀን ጌታ ሲመጣ በዚያው ቤት አገኘው። ከማኅበሩ ተለይቶ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ዳዊት የሚደገምበት ቤትም ይህን ያውቃል፤ ምናልባት በቃል ስለለመደው ልብ አይለው ይሆናል እንጂ። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ለምን ተተውሁ ሲል የጮኸበት ቃል ሰኞ ከሚደገመው ክፍል፣ ከ21ኛው መዝሙር የተወሰደ ነው። ሐሙስ የሚደገመው 87ኛው ደግሞ ሲጀምር የመድኃኒቱን አምላክ ይጠራና ያለ አንዳች ማጽናኛ በሐዘን ይዘጋል። አባቶቻችን መጨረሻውን ለማሳመር አንዲት ቃል አልጨመሩበትም። ካህኑም ምእመኑም እንዳለ ሲደግሙት ኖረዋል።

ቋንቋችንም ራሱ ይመሰክራል። በጸሎት «አቤቱ» እንላለን፤ በዳኛ ፊት የምናቀርበውን ደግሞ «አቤቱታ» እንለዋለን። የተበደለ ሰው ወደ ንጉሥ ደጅ ሄዶ «አቤት» ብሎ የሚጮኸው ውስጥ የሚሰማ ዳኛ አለ ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይግባኝ አይልም። ማጉረምረም ግን ሌላ ነው። እስራኤል በምድረ በዳ በየድንኳናቸው ተቀምጠው አጉረመረሙ፤ ሐሜት ነበርና ተወቀሱበት። ሙሴ ደግሞ በዚህ ሕዝብ ላይ ስለምን ክፉ አደረግህ ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀ፤ እርሱ ግን የእግዚአብሔር ወዳጅ ተባለ። ቁጣ ሁሉ የተቀደሰ ነው ማለታችን አይደለም። ልብን እያጠጠረ ከሰውም ከአምላክም የሚለይ ቁጣ እንዳለ በየቤታችን አይተናል። እርሱም ቢሆን የሚከፋው መውጫ ሲያጣ ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ሒሳብ አለ። በ1966ቱ ረኃብ ጊዜ «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» የሚል አጽናኝ በየለቅሶው አልጠፋም ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመንግሥት ሹማምንት የወሎን ረኃብ ሸሸጉት፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ተጉዘው ፎቶግራፍ አንሥተው ባመጡ ጊዜም ሰሚ አላገኙም። ጉዳዩ በዓለም የታወቀው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲታይ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲከበር የወሎ ሰው በኮረም ሜዳ ላይ ይረግፍ ነበር። ዝናብ መቅረቱን ለእግዚአብሔር እንጠይቀው፤ የተደበቀውን ረኃብና የተተኮሰውን ጥይት ግን ከሰው ሒሳብ ላይ እንጻፍ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር። የተወቀሱት አፋቸውን ከፍተው መከራውን የኃጢአቱ ደመወዝ ካደረጉት በኋላ ነው፤ አምርሮ የተሟገተው ኢዮብ ግን ቅን ተናገረ ተባለለት።

በ1977 ዓ.ም. ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ወር ውስጥ የቀበሩ አንዲት የመርሳ እናት ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልገባም አሉ። ሆኖም እሑድ እሑድ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ይመጡና ከደጀ ሰላሙ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዙረው ይቀመጡ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉት ግን ምስጋና አልነበረም። ሰው «ርኩስ መንፈስ ያዛቸው» እያለ አለፋቸው። የንስሐ አባታቸው ከቅዳሴ ሲወጡ ግን አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና «ልጄ፣ ዛሬስ ምን አልሽው?» ብለው ይጠይቋቸዋል። እርሳቸውም ይነግሯቸዋል። ካህኑ አይመልሱም፤ ሰምተው መስቀላቸውን አሳልመው ይሄዳሉ።

ይህ ለዓመታት ቆየ። በኋላ ገብተዋል፤ መቼ እንደ ገቡ ግን ራሳቸውም በውል አያስታውሱትም ነበር። «ጥያቄዬን ይዤው ነው የገባሁት» ይሉ ነበር ለሚጠይቃቸው። ካህኑ ካረፉ በኋላም ከቅዳሴ ሲወጡ ያንኑ ዋርካ አይለቁም፤ ከውጭ ቆሞ ያገኙትን ሐዘንተኛ አጠገባቸው አስቀምጠው «ዛሬስ ምን አልኸው?» ይሉታል።