ካራቫንና ባህር

 

ዛሬ ስለ ቲዩል ልጽፍ ነው። ቲዩል ማለት ሽርሽር ነው፤ እዚህ አገር ሐሙስ ማታ ሲደርስ ሰው ሁሉ የሚያወራው ነገር። "ደግሞ ስለ ሽርሽር ምን ይጻፋል?" እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ውትድርናዬን ጨርሼ ዛሬም የምተዳደረው በዚያው ሙያ ነው። አብሮኝ ያገለገለ አንድ ጓደኛዬ አሮጌ የካራቫን መኪና አለው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ታንክ ያለበት፣ ቤት የተሸከመ መኪና በሉት። የኋላው ባትሪ አልሞላ ብሎት ሁለት ምሽት ሠራሁለትና "ገንዘብ አልፈልግም፣ ከፔሳሕ በኋላ ለአንድ ዓርብ መኪናውን ስጠኝ" አልኩት። "እሺ፣ ውሻዬንም አብረህ ውሰዳት" አለኝ። የእኔም ውሻ አለ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሚሉዊም ተጠርቼ በሄድኩበት ካምፕ አጥር ሥር ቡችላ ሆኖ ያገኘሁት ነው። እንግዲህ ሁለት ውሻ ሆነ ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት መኪናውን እናቴ በር ላይ አቆምኩና "እማ፣ ነይ ባህር ልውሰድሽ" አልኳት። ወጥታ አየችውና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች። "ካራቫን ነው" አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። "እስካሁን በካራቫን የኖርኩት አይበቃኝም?" አለችኝ።

እኔ ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ወገን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲበር፣ እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን የገባነው በካራቫን ሰፈር ነው። የእኛ ሰፈር ከካርሜል ተራራ ግርጌ ነበር። በበጋ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይግላል፣ በክረምት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ መነጋገር አይቻልም። ለእኔ ካራቫን ማለት ነፃነት ነው፤ ለእሷ ግን "ለጊዜው ነው" እየተባለ አራት ዓመት የኖረችበት ቆርቆሮ ነው።

ደግሞ የውሾቹ ጉዳይ ነበር። "በጎንደር ውሻ በር ይጠብቃል እንጂ ከሰው ጋር ይሳፈራል እንዴ?" አለች። በመጨረሻ በሁለት ነገር ተስማማን፤ ውሾቹ ከኋላ ይሆናሉ፣ ምግቧንም አይነኩም፤ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ቤት እንገባለን።

ከነታንያ ተነስተን በ2 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ነዳን። መጀመሪያ ቂሳርያ ቆመን፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ለከተማዋ ውሃ ያመጣ የነበረውን በቅስት የተሠራ የድንጋይ መስመር አየን። አሸዋው ላይ ቆሞ ባህሩ እግሩ ሥር ይደርሳል። እናቴ ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰችና "ውሃ ለማምጣት ይህን ያህል ደከሙ?" አለች። እሷ ውሃ በእንስራ የቀዳች ሰው ናት፤ ከእኔ በላይ ገባት። ከዚያ ዶርን አልፈን ሃቦኒም አካባቢ ቡና አፈላን። እዚያ ዳርቻው አሸዋ ብቻ አይደለም፤ ባህሩ የቦረቦረው ቋጥኝ፣ ትንንሽ ወሽመጥና ብዙ ዛጎል አለ።

ወደ አትሊት ስንቀርብ በመስኮቱ የካርሜልን ተራራ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና "እዚህ ነበርን" አለች። ቀጥላም "ባህሩ ከካራቫናችን በር ሆኖ ይታይ ነበር" አለችኝ።

"ታዲያ ትሄዱ ነበር?" አልኳት።

"ማን ጠራን? የእኛ መሆኑን ማን ነገረን?"

አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ባህሩን አይታ አንድ ቀን እግሯን አልነከረችም። ወገኖቼ፣ ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚህች መልስ ምክንያት ነው።

እኛ ልጆቹ አገሩን አውቀነዋል። ከጎላን እስከ ኤይላት በእግራችን ሄደናል፣ ግን ጠመንጃና ሻንጣ ተሸክመን ነው። ወላጆቻችን የሚያውቁት የሥራ አውቶብሱን፣ ክሊኒኩን፣ የሠርግ አዳራሹንና የለቅሶ ቤቱን ነው። ለሲግድ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ሽርሽር የሌላ ሰው ነገር ይመስላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው ተውናቸው። ጥፋቱ የመንግሥት ብቻ ነው ብዬ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ግን መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስንት ዓመቴ ነው? የት ነበርኩ?

"ገንዘብ የለም" የሚል አለ። እውነት ነው፣ የመኪና ማቆሚያና አንዳንድ ፓርክ ያስከፍላል። ባህሩ ራሱ ግን የሁሉ ነው። በ2004 የወጣው የባህር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ከውሃው ጫፍ 100 ሜትር ያለውን መሬት ለሕዝብ ይጠብቃል። የካራቫን መኪና ግዴታ አይደለም፤ አውቶብስም ባቡርም አለ።

ደግሞም ባህር ለእኛ ባዕድ አይደለም። አትሊት ያለው የመስቀል ጦረኞች ምሽግ ዛሬ በባህር ኃይል ሠፈር ውስጥ ስለሆነ ሰው አይገባበትም። ከዚያ ሠፈር የሚወጡት የባህር ኮማንዶዎች ናቸው ከ1981 ጀምሮ ወገኖቻችንን ከሱዳን የቀይ ባህር ዳርቻ በሌሊት በጎማ ጀልባ ወደ መርከብ ያሸጋገሩት። ለእናቴ ይህንን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና ጫማዋን አወለቀች። ገባች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ።

ውሻ ይዛችሁ ለምትወጡ ትንሽ ምክር ልስጥ። መኪና አሸዋ ላይ መንዳት በሕግ ክልክል ነው። ለመዋኛ በተፈቀደ ዳርቻና በተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ ውሻ ይገባ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማሰሪያና ክትባት አይርሱ፣ የሚጠጣው ንጹህ ውሃ ያዙ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት። ባህር የተፋውን የሞተ ዓሣ እንዳይበላ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ባህር ውስጥ ውሻ የሚገድል መርዝ ያለው ዓሣ አለ።

"ውሻ ርኩስ ነው" የሚሉ ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። ነገር ግን ኦሪት እስራኤል ከግብጽ ሲወጡ ውሾች እንዳልጮኹባቸው ትናገራለች። ያንን ዝምታ እግዚአብሔር ካስጻፈው፣ እኛም በኋላ ወንበር ቦታ ብንሰጣቸው ኃጢአት አይመስለኝም።

ስንመለስ የእኔ ውሻ ከኋላ መጥቶ ራሱን በእናቴ እግር ላይ አሳረፈ። አልዳሰሰችውም። አላባረረችውምም። ሰንበት ከመግባቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤቷ ደረስን። ስትወርድ "ያ ካራቫን ይሻላል፣ ይሄዳል" አለችኝ።

እስቲ በሚመጣው ዓርብ እናትና አባታችሁን ባህር ውሰዱ። እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ፣ አይጠይቁም።

በቸር ያገናኘን። ሻባት ሻሎም!