አንድ ቆጣሪ ለስምንት ሱቅ



የማኅበራችን ሱቆች የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። ደረሰኙን ይዤ የምዞረው እኔ ስለሆንኩ የምሰማውን አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው «አንድ መኪናና አንድ አምፖል ይዤ ከሥጋ ቤቱ እኩል ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ባለሥጋ ቤቱ ደግሞ «ታዲያ ፍሪጁን ላጥፋና ሥጋው ይሽተት?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የአከፋፈላችን ነው፤ ስምንቱ ሱቅ በአንድ ቆጣሪ እየተጠቀመ ሒሳቡን እኩል ይካፈላል።

እስቲ እናስበው። አንዱ ተጠንቅቆ የ800 ብር መብራት ቢያድን ለሱ የሚደርሰው 100 ብር ብቻ ነው። ሌላው የ800 ብር ቢያባክን ከኪሱ የሚወጣው ያው 100 ብር ነው። ታዲያ ለማጥፋት ማን እጁን ያነሳል? የኮሪደሩ አምፖል በጠራራ ፀሐይ ሲበራ የሚውለው ለዚህ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል። 10 ሰዓት ቢበሩ የድሮው 600 ዋት ሰዓት ሲበላ አዲሱ 90 ብቻ ይበላል። ፍሪጅም የበሩ ጎማ ከላላ ወይም ፀሐይ ከመታው ሞተሩ እረፍት የለውም።

«ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ምን ቁጠባ ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ግድቡ ኩራታችን ነው። ነገር ግን መብራቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በቆጣሪ ነው፤ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ ጨምሯል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ዋናው ቆጣሪ እንዳለ ሆኖ፣ ለየሱቁ የሚለካ ትንሽ ቆጣሪ በባለሙያ ይግባ፤ ሁሉም የተጠቀመውን ይክፈል። የኮሪደሩን ማኅበሩ ይክፈል። የማስገቢያውን ወጪ ማኅበሩና ባለሱቆቹ ግማሽ ግማሽ ይቻሉት። ባለሥጋ ቤቱ ላይ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቆጣሪው ከመግባቱ በፊት የፍሪጁን ጎማ የሚቀይርበት ጊዜ ይሰጠው።

ይሄ የባለሱቆች ጉዳይ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የሠፈራችን የዘበኞች ደመወዝ ከሱቆቹ ኪራይ መሆኑን አትርሱ። ልብስ ሰፊው ልለቅ ነው ብሎኛል። እሱ ከወጣ ኪራዩ ይጎድላል።

በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት። እስከዚያው ጠዋት ቀድሞ የገባ የኮሪደሩን መብራት ያጥፋልኝ፤ ማጥፊያው ከበሩ በስተቀኝ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ