ቡና ስካር አያበርድም

ሠርግ ቤት ሞቅ ያለው ሰው የመኪና ቁልፉን ይዞ ሲነሳ አንድ ተቆርቋሪ አይጠፋም። «ኧረ ቆይ፣ ወፍራም ቡና ጠጥቶ ይሂድ!» ይላል። ቡናው ይቀዳል፣ ሰውዬው ፉት ይላል፣ ዓይኑ ገለጥ ሲል «ይኸው በረደለት» ተብሎ ይሸኛል። እኔን ከአረቄው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ቡና ነው።

በፈረንጆቹ 2009 ፊላደልፊያ በሚገኘው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ዳንዬል ጉሊክና ቶማስ ጉልድ ይህንን እምነት በአይጦች ፈትነውታል። አይጦቹ የገቡበት መሣሪያ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ሁለቱ ክንፎች ገላጣ ናቸው፣ ሁለቱ በግድግዳ የተከለሉ። አይጥ በተፈጥሮዋ የተከለለውን ትመርጣለች። ከተከለሉት በአንደኛው ስትገባ ግን ደማቅ መብራት ይበራባታል፣ ኃይለኛ ድምፅ ይለቀቅባታል። ምንም ያልወሰደችው ያንን ክንፍ ለይታ መሸሽ ትማራለች። አልኮል የተወጋችው ፍርሃቷ ለቀቅ ብሎላት ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ የትኛው ክንፍ እንደሚያስደነግጣት ግን አትይዝም። ከዚያ ካፌይን ተጨመረ፤ ከፍተኛው መጠን በሰው ሲሰላ ከስድስት እስከ ስምንት ኩባያ ቡና የሚሆን ነው (የፈረንጁ ኩባያ እንጂ የእኛ ሲኒ አይደለም)። የጠፋው ትምህርት ግን አልተመለሰም። ነቃ ያለች፣ አደጋዋን ግን የማትለይ አይጥ ሆነች።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ድካም አምጪ ንጥረ ነገር አለ፤ አልኮል ያበዛዋል፣ ካፌይን ደግሞ ሥራውን ያግደዋል። ስለዚህ ድብታው ይነሳል። አልኮል ግን አንጎልን የሚይዝበት ሌላም ብዙ መንገድ ስላለው ፍርድ ማዛባቱ አይቀርም። ጉበትም ቢሆን አልኮሉን የሚያጣራው በራሱ ጊዜ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ቢጠጣ አይፈጥንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኖቬምበር 2010 አልኮልና ካፌይን ቀላቅለው ለሚሸጡ አራት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ የጻፈው በከንቱ አይደለም። ፎር ሎኮ የተባለው መጠጥ ካፌይኑን ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የእንዲህ ያለው የአይጥ ሙከራ ቀላልነት ነው። በጨለማ የማጠጣት ዘዴ የሚባለውን እንውሰድ። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች መብራቱ ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሲሆን የውሃ ጠርሙሷ ተነስቶ 20 በመቶ አልኮል ያለበት ይተካል። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ምን ያህል እንደጎደለ ይነበባል። አይጥ በሌለበት ባዶ ሳጥንም አንድ ጠርሙስ ይሰቀላል፤ በራሱ ጊዜ የሚንጠባጠበው ተለክቶ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ይቀነሳል። ቀሪው ለአይጧ ክብደት ይካፈላል። ካፌይን በጠርሙሱ ሲጨመር ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ መራራ ነው። አይጧ የቀነሰችው አንጎሏ ስለጠገበ ነው ወይስ ምላሷ ስለጠላው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንስቶ መከራከር ለአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከስንት ወር ሌክቸር ይበልጣል። በአንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ገና ሳይመረቅ ጠርሙስ እየመዘነ ይማራል።

እኛስ? ቡናው የእኛ፣ ጠጁና ጠላው የእኛ። ለሙከራ የሚሆን አይጥም አክሊሉ ለማ የተባለው የምርምር ኢንስቲትዩት ያራባል፤ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የባህል መድኃኒት ይፈትኑበታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን በአብዛኛው መጠይቅ በትኖ፣ መቶኛ አስልቶ ይመረቃል። መጠይቅ የሚነግረን ሰው ያመነውን ነው፤ ያመነው እውነት ይሁን አይሁን አይነግረንም።

እንስሳ እንዳይጉላላ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይቆጣጠር፣ ልክም ነው። ከዚያ በተረፈ ሥራው የሚፈልገው ጠርሙስ፣ ሚዛንና የማይዋሽ መዝገብ ነው። የፋርማሲና የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ የአይጥ ቤቱን በር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻችሁም ክፈቱላቸው።